ሁለት ልጅ፣ ሁለት ክፍል፦ ቤቢ ሞኒተር እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይሠራበታል?

ደብረ ብርሃን ልጅ ያሳደገ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታ በርና መስኮቱ ጥርቅም ይደረጋል። ለሙቀቱ ጥሩ ነው። ድምፅ ግን አብሮ ይታፈናል።

ትንሿ ልጄ የአራት ወር፣ ትልቁ የሁለት ዓመት ተኩል ሳሉ የተቸገርኩት በዚሁ ነበር። ትንሿ የምትተኛው እኛ መኝታ ቤት ነው። ትልቁ ቀን ቀን የሚያሸልበው ግቢው ውስጥ ባለው ሰርቪስ ቤት፣ አማቴ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ወይ ማድ ቤት ነኝ፣ ወይ ልብስ አጠባ ላይ። አንድ ቀን እንጀራ ጋግሬ ስመለስ ትንሿ አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ሰልሎ አገኘኋት። ስንት ደቂቃ እንዳለቀሰች እስከ ዛሬ አላውቅም። ማታውኑ ቤቢ ሞኒተር እንግዛ ብዬ ባለቤቴን ያዝኩት። ልጁ ጋ የሚቀመጥ ላኪ ወይም ካሜራ፣ እናት ጋ የሚሆን መቀበያ ያለው፣ የልጁን ድምፅ ወይም ምስል ከሌላ ክፍል የሚያደርስ መሣሪያ ነው።

ገዛን። ተሳስተን ስለነበር ሌላ ደገምን። ይህን የምጽፈው ያን ሁለተኛ ወጪ እናንተ እንዳታወጡ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ስለ ቤቢ ሞኒተር የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ሌሊት ለብቻው ክፍል የሚተኛ ሕፃንን የሚያስብ ነው። እኛ ጋ ሕፃን ሌሊት ከእናቱ ክፍል አይወጣም። ደግም አድርገናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ድረስ ሕፃኑ ከወላጆቹ ጋር አንድ ክፍል እንዲያድር ይመክራል፤ የራሱ መኝታ ላይ ሆኖ ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ችግር ያለው ቀን ላይ ነው። ልጆቹ በየክፍሉ ተኝተዋል፤ እናት ደግሞ ከግቢው ማዶ ናት። ሞኒተሩ ሁለት ነገር ማድረግ አለበት፦ ድምፁን እስከ ማድ ቤት ማድረስ፣ እና የትኛው ልጅ እንደሚያለቅስ ወዲያው መለየት። ካሜራው ስንት ፒክስል ነው የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ደረጃ 1፦ ግቢያችሁን ወረቀት ላይ አውጡት

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ልጆቹ የሚተኙባቸውን ክፍሎች ሣሉ። ቀጥሎ እናንተ የምትውሉበትን ሁሉ፦ ማድ ቤቱን፣ ቧንቧውን፣ ሳሎኑን፣ ከፊት ሱቅ ካላችሁ ሱቁን። በየመሃሉ ስንት ግድግዳ እንዳለ፣ ከምን እንደተሠራም ጻፉ። ሶኬት የት የት እንዳለ ምልክት አድርጉ።

ግድግዳ ሁሉ አንድ አይደለም። የደረቀ የጭቃ ግድግዳ የሬድዮ ሞገድን ብዙም አያስቸግርም። ብሎኬት መካከለኛ ነው። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ እንደሚሠራው ያለ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ይውጠዋል። ከሁሉ የሚከፋው ብረት ነው። የላሜራ በር ሲዘጋ፣ ወይም ማድ ቤቱ ዙሪያውን ቆርቆሮ ሲሆን፣ ሞገዱ ተመትቶ ይመለሳል። የረጠበ ግድግዳም ከደረቀው ይብሳል። በጋ ላይ ሲሠራ የነበረ መሣሪያ ሐምሌ ላይ ቢደክም ተበላሸ ብላችሁ አትደምድሙ።

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «300 ሜትር ይስባል» አለን። ካርቶኑም ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ያ 300 ሜትር ምንም በማይጋርደው ሜዳ ላይ የሚለካ ነው። ቤት ውስጥ ወደ 30 ወይም 50 ሜትር መውረዱ የተለመደ ነው። ከእኛ መኝታ ቤት እስከ ማድ ቤቱ 18 ሜትር ቢሆን ነው። በመሃሉ ሁለት የድንጋይ ግድግዳና አንድ የላሜራ በር አለ። በሩ ክፍት ሲሆን ይሠራል። ነፋስ ገፍቶ ሲዘጋው ዝም ይላል።

ደረጃ 2፦ ሳትገዙ በሁለት ስልክ ሞክሩ

ይህ ሙከራ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

አንዱን ስልክ ልጁ የሚተኛበት ቦታ አስቀምጡና ሆትስፖት ክፈቱበት። ምርጫ ካለው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለውን አድርጉ። ሌላውን ስልክ ከዚያ ሆትስፖት ጋር አገናኙትና ይዛችሁ ወደ ማድ ቤት ሂዱ። በሩን ዝጉ። የዋይፋይ ምልክቱ አለ ወይስ ጠፋ? ወደ ቧንቧው ሂዱ። ወደ ሱቁ ሂዱ። በየቦታው ስንት መስመር እንዳሳያችሁ ወረቀቱ ላይ መዝግቡ። ከዚያ የሁለተኛውን ልጅ ክፍል በተመሳሳይ መንገድ ሞክሩ።

ብዙዎቹ ሞኒተሮች የሚሠሩት በዚሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ለትክክለኛው ቅርብ ነው። ስልኩ ምልክቱን ጨርሶ የሚያጣበት ቦታ ላይ ሞኒተርም እንዳይቸገር እፈራለሁ። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አላችሁ፦ ወይ መቀበያውን ከበሩ ውጭ መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ ድምፁን ከፍ ማድረግ፣ ወይ ቀጥሎ ከምነግራችሁ ውስጥ ግድግዳ የማይበግረውን ዓይነት መምረጥ።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ለዩ

ለሁለት ክፍል አራት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው አንድ መቀበያ ከሁለት ካሜራ ጋር ነው። ብዙዎቹ እስከ አራት ካሜራ ይቀበላሉ። ሁሉም በአንድ ስክሪን ይታያል። አሪፍ ይመስላል፤ ለብዙ ቤትም ይስማማል። ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለው። መቀበያው በተራ በተራ የሚያሳይ ከሆነ፣ አንዱን ካሜራ ሲያሳይ የዚያን ክፍል ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱንም ሲያሳይ ደግሞ የአንዱን ብቻ የሚያሰማ፣ ወይም የሁለቱንም ድምፅ የሚያጠፋ አለ። ትንሿ እያለቀሰች እናንተ የትልቁን ጸጥታ ትሰማላችሁ። ለሁለት ልጅ እናት ከዚህ የበለጠ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የለም። «ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሲለቀስ መቀበያው ራሱ ወደዚያ ይዞራል ወይ?» በሉ። የሚዞር አለ። የማይዞር ከሆነ አትግዙት።

ሁለተኛው ሁለት የተለያዩ የድምፅ ሞኒተሮች መግዛት ነው። ስክሪን የላቸውም። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ላኪ፣ አንድ መቀበያ። ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን አሁን የምጠቀመው በዚህ ነው። አንደኛ፣ ሁለቱንም ክፍል እኩል እሰማለሁ። ሁለተኛ፣ ባትሪው ከስክሪኑ በጣም ይቆያል። ሦስተኛ፣ አንዱን መቀበያ ለአማቴ እሰጣታለሁ። የመጀመሪያው ቤቢ ሞኒተርም እንዲሁ የድምፅ ብቻ ነበር። ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ሬድዮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 ነው ያወጣው። ቅርፁን የሠራው ታዋቂው ቀራፂ ኢሳሙ ኖጉቺ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሞገድ ትንሽ ልበል። ጥሩዎቹ የድምፅ ሞኒተሮች ዴክት (DECT) በሚባለው የገመድ አልባ የቤት ስልክ ዘዴ፣ በ1.9 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። ከማይክሮዌቭና ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር አይጋጩም፤ ግድግዳ በማለፍም ከ2.4 ትንሽ ይሻላሉ። ነገር ግን የአውሮፓውና የአሜሪካው ይለያያል። የአውሮፓው ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ነው። የአሜሪካው ከ1920 እስከ 1930 ነው። የእኛ ዓይነቱ የ3ጂ ኔትወርክ ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት መስመር ደግሞ ከዚያው ከ1920 ይጀምራል። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ዴክት ሊረበሽም፣ የጎረቤትን ስልክ ሊረብሽም ይችላል። ዘመድ ከውጭ ሲያመጣላችሁ ከአውሮፓ ከሆነ ዴክት ይሁን፤ ከአሜሪካ ከሆነ 2.4 ጊጋኸርዝ አስመጡ። ዲጂታል ባልሆኑት የድሮ አናሎግ መሣሪያዎች ላይ ግን ገንዘብ አታጥፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትከፍቱ ድምፃቸው ይደባለቃል፤ የጎረቤትም ሊገባበት ይችላል።

ሦስተኛው የዋይፋይ ካሜራ ነው። በስልክ አፕ ይታያል። ሱቅ ላይ በቀላሉ የሚገኘውም እሱ ነው። ባል መሥሪያ ቤት ሆኖ ያያል። ጉዳቱ ኢንተርኔት ሲቆም ብዙዎቹ አብረው መቆማቸው ነው፤ እዚያው ቤት ውስጥ ሆናችሁም ጭምር። ዳታውንም አስቡት። አንድ ካሜራ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢልክ በሰዓት 450 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ሁለት ካሜራ ስምንት ሰዓት ሙሉ ከፍታችሁ ብታዩ ከ7 ጊጋባይት በላይ ነው። ያልተገደበ ጥቅል ከሌላችሁ ወር አይደርስም።

አራተኛው አሮጌ ስልኮችን መጠቀም ነው። አንዱን ልጁ ክፍል፣ ሌላውን እናንተ ጋ አድርጋችሁ የሞኒተር አፕ ትጭናላችሁ። ለወር ለሁለት ወር ይበቃል። ግን ስልኩ ቻርጀር ላይ ሲውል ይሞቃል። ከብርድ ልብስና ከትራስ አርቁት። ደግሞ እናንተ ጋ ያለው ስልክ ሲደወልበት ድምፁ ይቋረጣል።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ላይ ሳትከፍሉ ይህን አረጋግጡ

ካርቶኑን ካላስከፈቱት አትግዙ። መጀመሪያ ቻርጀሩን አዙራችሁ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው የምትፈልጉት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ወዲያው ይቃጠላል። በዩኤስቢ ገመድ የሚሠራ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ለምን እንደሆነ መብራት ሲጠፋ ይገባችኋል።

ከዚያ መቀበያውን አብሩና ካሜራውን ከሶኬት ንቀሉት። መቀበያው መጮህ አለበት። ይህ ግንኙነት ሲቋረጥ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። የማይጮህ ከሆነ ዝምታው የልጁ እንቅልፍ ይሁን የመሣሪያው መሞት በምን ታውቃላችሁ?

ቀጥሎ ተጨማሪ ካሜራ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ። የሌላ ሞዴል ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም፤ አንድ ኩባንያ የሠራቸው ቢሆኑም እንኳ። በኋላ እንጨምራለን ከማለት ሁለቱን አንድ ላይ መግዛት ይሻላል። የባትሪውን ነገር ሻጩ ከሚላችሁ ግማሹን ያዙ፤ ስክሪኑ እየበራ ከዋለ በፍጥነት ያልቃል።

ደረጃ 5፦ ገመዱ፣ አልጋው፣ ቦታው

ከዚህ ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ አንብቡ ብትሉኝ ይህን እሰጣችኋለሁ።

የሞኒተር ገመድ ልጅ ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ ሞኒተሮች ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍና አዲስ መመሪያ እንዲሰጥ ጥሪ የተደረገው ሁለት ሕፃናት በገመዱ ታንቀው ከሞቱ በኋላ ነው። ሁለቱም አንድ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ካሜራውም ገመዱም ከአልጋው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ። በየትኛውም አቅጣጫ። የአልጋ ብረት ላይ አትሰሩት። ከአልጋው በላይ አታንጠልጥሉት። ዛሬ የማይደርስበት ልጅ በሚቀጥለው ወር ቆሞ ይይዘዋል። ገመዱን በግድግዳው ጥግ ወስዳችሁ በገመድ መያዣ ምስማር ምቱት። ትልቁ ልጅ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሶኬቱን ቁም ሳጥን ይጋርደው።

ካሜራው ከአልጋው ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ ቢሆን ፊቱንም ደረቱንም ያሳያል። መስኮት ፊት ለፊት አታድርጉት፤ ቀን ላይ ብርሃኑ ሥዕሉን ያጠፋዋል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ ሌላ ነገር አለ። አጎበር። ካሜራው ማታ የሚያየው ኢንፍራሬድ በሚባል፣ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። ያ ብርሃን አጎበሩ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ስክሪኑ ጉም ይመስላል። አጎበሩን ግን እንዳታነሡ። ካሜራውን ከፊት ለፊት ወደ ጎን አዙሩት፤ ትንሽ አርቁት። ያም ካልሆነ ሥዕሉን ትታችሁ ድምፁን ተማመኑበት።

ሁለቱ ክፍሎች አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ከሆነ ላኪዎቹን ከዚያ ግድግዳ አርቁ። አለዚያ አንዱ ልጅ ሲያለቅስ የሁለቱም መቀበያ መብራት ይበራል። በሬድዮ ሞክሩት። አንዱ ክፍል ውስጥ ሬድዮ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱና የሌላኛው ክፍል መቀበያ ይሰማው እንደሆነ አዳምጡ።

ደረጃ 6፦ አገናኙ፣ ስም ስጡ

ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አምጡ። ሁለቱን ካሜራ በአንዴ አታብሩ። አንደኛውን አብሩ፣ መቀበያው ላይ ካሜራ ጨምር የሚለውን ምረጡ፣ ካሜራው ሥር ያለችውን ቁልፍ መብራቷ ቶሎ ቶሎ እስክትል ድረስ ተጫኗት። ሥዕሉ ከመጣ አጥፉትና ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ጎን ለጎን ሆነው ቢያፏጩ አትደንግጡ። መቀበያው የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ነው። ሲራራቁ ይተዋል።

ቀጥሎ ቀለም ቀቡ። እውነቴን ነው። በእኛ ቤት የትንሿ ላኪና መቀበያ ላይ ቀይ ፕላስተር፣ የትልቁ ላይ ሰማያዊ ተለጥፏል። ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት በድንጋጤ ሰዓት ይደባለቃል። አማቴ ደግሞ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ አታነብም። «እቴቴ፣ ቀዩ ሲበራ ትንሿ ናት፤ እኔን ጥሪኝ» አልኳት። «ሰማያዊውስ?» አለችኝ። «እሱ ያንቺው ነው»። አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ደረጃ 7፦ ድምፁን አስተካክሉ

ሞኒተሮች ጸጥታ ሲሆን ራሳቸውን ዝም የሚያሰኙበት፣ ድምፅ ሲሰሙ የሚነቁበት ቅንብር አላቸው። ለድምፅ ያላቸው ንቃት ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ይስተካከላል። ሁለት ክፍል ሲሆን ለእያንዳንዱ የተለያየ ደረጃ ያስፈልጋል። ለአራት ወር ሕፃን ከፍ አድርጉት፤ ለቅሶዋ የሚጀምረው በትንሽ ማንቋረር ነው። ለሁለት ዓመቱ ዝቅ አድርጉት፤ ሲገላበጥም ሲያልምም ያወራል፣ በዚያ ሁሉ መሮጥ አያስፈልግም።

አሁን የእኛን አገር ድምፆች አስቡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። ውሻ አለ። ዶሮ አለ። እነዚህ ቢያነቁትም ችግር የለም። ከባዱ ዝናብ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ መቀበያው የሚያሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ድምፁን ይቀንሰዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። እኔም ረስቼ አውቃለሁ። አሁን ደንቤ ይህ ነው፦ ዝናብ ሲከብድ ምጣዱን አውርጄ ልጆቹ ጋ እሄዳለሁ። ለዚያ ሰዓት የሚሆን ቅንብር የለም።

ሁሉም ሲስተካከል አንድ ሰው ልጁ ክፍል ገብቶ አልጋው አጠገብ በሹክሹክታ ይናገር። እናንተ ማድ ቤት በሩን ዘግታችሁ አዳምጡ። ቃሉን ከሰማችሁ ይበቃል። ሁለተኛውንም ክፍል እንዲሁ።

ደረጃ 8፦ መብራት ሲጠፋ፣ ምጣድ ሲበራ

መቀበያው ባትሪ አለው። ካሜራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። መብራት ሲሄድ የሚሞተው ልጁ ጋ ያለው ነው። በዩኤስቢ የሚሠራ ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) የሚል ፓወር ባንክ 2 ዋት ያህል የሚበላ ካሜራን ከ12 ሰዓት በላይ ያቆየዋል። ለሁለት ክፍል ሁለት ፓወር ባንክ ያዙ። አንዱን ለሁለት አታካፍሉት፤ ገመዱ ይረዝማል፣ የረዘመ ገመድ ደግሞ ወደ አልጋው ይጠጋል።

ፓወር ባንኩን መጀመሪያ ፈትኑት። የሚበላው ኤሌክትሪክ ሲያንስ «ማንም የለም» ብሎ ራሱን የሚያጠፋ አለ። የድምፅ ላኪ ብዙ ስለማይበላ ይህ ይደርስበታል። ሁለት ሰዓት አብርታችሁ እዩት።

የዋይፋይ ካሜራ ከሆነ ራውተሩም ባትሪ ይፈልጋል። ለራውተር የሚሸጠው ሚኒ ዩፒኤስ (ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ) ይሆናል፤ ቮልቱ ከራውተሩ ጋር መግጠሙን ግን እዩ።

ምጣዱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በኪሎዋት የሚቆጠር ኃይል ይስባል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ሲበራ ቮልቱ ይወርዳል፣ ካሜራው ጠፍቶ ይበራል። ሲነሣ ደግሞ አንዳንዱ ቅንብሩን ረስቶ ድምፁ ተዘግቶ ይነሣል። አንድ ሳምንት ሙሉ የመሣሪያው ብልሽት መስሎኝ ነበር። ካሜራውን ፓወር ባንክ ላይ አድርጌ ስጋግር ቀረ።

ደረጃ 9፦ ለዋይፋይ ካሜራ ብቻ

ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ፓስወርድ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ። በፌስቡክ ወይም በኢሜይል የምትጠቀሙበትን አትድገሙት። በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለው ክፈቱት። አፕዴት ሲመጣ አድርጉት። አፑን የቤት ሠራተኛ ወይም የዘመድ ስልክ ላይ ጭናችሁ ከነበረ ሰዎቹ ሲሄዱ ፓስወርዱ ይቀየር። የልጆቻችሁ መኝታ ቤት ነው።

ደረጃ 10፦ መሣሪያው የማያውቀውን እወቁ

ይህን ስጽፍ የደብረ ብርሃን፣ የአንኮበርና የመንዝ እናቶች ፊቴ ላይ ናቸው። ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደ ልጅ ክፍል ይገባል። በሩ ይዘጋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ልጁ አያለቅስም። ዝም ብሎ ይተኛል። ሞኒተሩም ጸጥ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ የምታዩት የተኛ ልጅ ነው። በእግዚአብሔር፣ ከሰሉን ደጅ አስቀሩት። «ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» የሚባለውን አትመኑ። ፍም የሆነ ከሰልም ያን ጋዝ ያወጣል።

ሙቀት መለኪያ ያለው ሞኒተር ብዙ ነው። እንግሊዞች ለሕፃን ክፍል ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ይመክራሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት ያን ማግኘት ይከብዳል፤ ቁጥሩን ዓይታችሁ አትሸበሩ። ካሜራው ራሱ ስለሚሞቅ አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርጎ ሊያሳይም ይችላል። ልጁን አንገቱ ሥር ዳስሱት። ከቀዘቀዘ ልብስ ደርቡለት። ከባዱን የመንዝ ባና ግን ለትልልቆቹ ተዉት። ሕፃን ፊቱ ላይ ከወጣበት መግፋት አይችልም።

ደግሞ በጀርባው አስተኙት። ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ። ትንፋሽና የልብ ምት እለካለሁ የሚል ሞኒተር ብታገኙም ይህን አይተካም። ድንገተኛ የሕፃናት ሞትን እንደሚከላከል የተረጋገጠ መሣሪያ የለም።

የመጨረሻው የተራ ጉዳይ ነው። ሁለት መቀበያ ሲኖር ሁሉም ሰው ሌላው የሚሰማ ይመስለዋል። ባለቤቴ እኔ ይዤዋለሁ ይላል፣ እኔ እሱ ይዞታል እላለሁ፣ መቀበያው ሶፋ ላይ ለብቻው ያለቅሳል። አሁን እኛ ቤት መቀበያ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው። ወንበር ላይ አይቀመጥም። ስሰጥ «ቀዩ ያንተ ነው» እላለሁ። እሱም «ይዣለሁ» ካላለ አልለቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አምስት ደቂቃ መድቡ። ገመዱ ተፈትቶ ይሆን? ልጁ አድጎ የሚደርስበት ሆኖ ይሆን? ካሜራውን ንቀሉት፣ መቀበያው ይጮሃል? ፓወር ባንኩ ሞልቷል? ትልቁ ልጄ በቅርቡ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። ከእንቅልፉ ሲነቃ በሩን ከፍቶ «እማዬ!» እያለ ማድ ቤት መምጣት ጀምሯል። ግቢው በር መቀርቀሪያው ከፍ ብሎ እንዲሠራ አድርገን ሰማያዊውን መቀበያ ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ አጥፍተነዋል።